ከጎልፍ ሜዳ በፊት የገናው ሜዳ ይታሰብ

ስለ ተራራ አገር ቱሪዝም በተነገረ ቁጥር የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚያርፈው በሆቴል፣ በመዋኛ ገንዳና በጎልፍ ሜዳ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ «ገበታ ለሀገር» በሚል ስም በጎርጎራ፣ በወንጪና በኮይሻ የመዝናኛ ሥፍራዎችን የማልማት ዕቅድ ከተነገረ ወዲህ፣ ተራራና ሐይቅ ያለው አካባቢ ሁሉ «የእኛስ ተራ መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይሆንም። ሰቆጣም ብትጠይቅ ባዶ እጇን አይደለም። ከከተማዋ አቅራቢያ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የመሰለ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የዋግ ሹሞች አስከሬን በሣጥን ሆኖ እስከ ዘመናችን የቆየውም በዚሁ ነው። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሚከበረው የሻደይ በዓል ልጃገረዶችን ከየመንደሩ ወደ መስክ ያወጣል። ጎረቤቷ ላሊበላ ለገና በዓል የምታስተናግደው ምእመን ብዛትም በአገር የታወቀ ነው።

ታዲያ አንድ ባለ ሀብት ነገ ተነሥቶ «በዚህ ደጋ ላይ የጎልፍ ሜዳ ላንጥፍ» ቢል የዋግ ኽምራ ሰው ምን ይመልስለት? ጥያቄው ለምሳሌ ያህል የተነሣ ነው። ሆኖም ግን አስቀድሞ ቢታሰብበት ጉዳት የለውም፤ ምክንያቱም መልሱ በደጋው ሰው እጅ በቆየ አንድ ጨዋታ ውስጥ ይገኛል።

ጎልፍ ማለት ባጭሩ ትንሽ ጠንካራ ኳስ በዱላ እየመቱ በሰፊ የሣር መስክ ላይ በተቆፈሩ 18 ጉድጓዶች ውስጥ በተራ በተራ ማስገባት ነው፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በአዲስ አበባም የጎልፍ ክለብ አለ። ይሁንና ለአብዛኛው የገጠር ሰው ስሙ እንጂ ግብሩ እንግዳ ነው።

በተራራ ላይ ካሉት የዓለም ጎልፍ ሜዳዎች መካከል በካሽሚር የሚገኘው የጉልማርግ ሜዳ ስሙ የገነነ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,650 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ጉልማርግ ማለትም የአበባ መስክ ማለት ነው። እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን ከቆላው ሙቀት ሸሽተው ወደዚያ እየወጡ ያርፉ ነበር፤ ሜዳውንም ያዘጋጁት ለራሳቸው መዝናኛ ነው። በእንደዚህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታች ኳስ ከቆላው ይልቅ ርቃ ትሄዳለች። በባሕር ዳርቻ መጫወት የለመደ እንግዳ ርቀቱ ያሳስተዋል፤ ትንፋሹም ያጥረዋል። በዋግ ደጋ ተወልዶ ያደገ እረኛ ግን የትንፋሹን ነገር ማንም ሳያስተምረው ጨርሶታል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከውሃው ላይ ነው። ጉልማርግ በክረምቱ በረዶ የሚከመርበት፣ በበጋው ምንጩ የማይነጥፍ አገር ነው። ዋግ ኽምራ ግን የዓመት ተስፋውን በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ላይ የጣለ አካባቢ ነው። ያም ዝናብ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም አስቀድሞ ይቋረጣል። የ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ በማነሱ በ2016 ዓ.ም. በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ ወረዳዎች ሰውና ከብት ምን ያህል እንደተጎዱ የሚዘነጋ አይደለም።

እስቲ በስሌት ይታይ። 18 ጉድጓድ ያለው አንድ የጎልፍ ሜዳ ከ50 እስከ 60 ሄክታር መሬት ይፈልጋል። አንድ አባወራ ግማሽ ወይም አንድ ሄክታር በሚያርስበት ደጋ ላይ ይህ የ50 ወይም የ100 ቤተሰብ ማሳ ማለት ነው። በደረቅ አገር እንዲህ ያለውን ሣር አረንጓዴ አድርጎ ለማቆየት በበጋ ቀን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሊትር ውሃ ይፈስሳል፤ አንዳንዱ ሜዳም ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይጠጣል። ግማሽ ሚሊዮኑን ብቻ ብንወስድ፣ ለገጠር ነዋሪ በቀን ይድረሰው ተብሎ በመንግሥት ዕቅድ በተያዘው 25 ሊትር ሲካፈል ለ20,000 ሰው ይበቃል። እናቶች ጀሪካን አዝለው ቁልቁለትና ዳገት በሚመላለሱበት አገር ይህንን ስሌት የሚያሸንፍ የሆቴል ገቢ ማሰብ ያስቸግራል። ጎልፍ ሥራ አይፈጥርም ማለት አይደለም፤ ይፈጥራል። ዱላ ተሸካሚው፣ ሣር ጠባቂው፣ አስተናጋጁ ሁሉ ደመወዝተኛ ነው። ግን እንግዳው በቀረበት ዓመት ደመወዙ ይቀራል፣ የታረሰው መሬት ደግሞ ወደ ቀድሞ ባለቤቱ አይመለስም።

እዚህ ላይ ነገሩን መዝጋት ቀላል ነበር። ሆኖም የጎልፍን ታሪክ ገፋ አድርጎ ለተመለከተ ሰው ሌላ ትምህርት ይገኝበታል። ይህ ዛሬ የባለጠጋ የሚመስለው ጨዋታ መነሻው የወል ግጦሽ ነው። በስኮትላንድ ቅዱስ እንድርያስ በሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ያለው አሮጌው ሜዳ ሲጀመር ሣሩን ያጨደው በግና ጥንቸል እንጂ መኪና አልነበረም። አሸዋማዎቹ ጉድጓዶችም በጎች ከነፋስ ተጠልለው ሲተኙ የፈጠሯቸው ናቸው ይባላል። ሕዝቡ ጨዋታውን ከመውደዱ የተነሣ፣ ወጣቱ ቀስት መወርወር ተወ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ምክር ቤት ጎልፍን ከእግር ኳስ ጋር እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ክልከላው ብዙ እንዳልሠራ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ይመሰክራል።

ዋናው ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1552 የተጻፈው ሰነድ ነው። በዚያ ሰነድ የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ሕዝቡ በመስኩ ላይ የመጫወት መብት እንዳለው አጸና፤ ለራሱም ጥንቸል የማርባት መብት አስቀረ። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የከተማው ምክር ቤት ገንዘብ ሲቸግረው፣ እ.ኤ.አ. በ1797 መስኩ ለጥንቸል ነጋዴዎች ተላልፎ ተሰጠ። ጥንቸሉ ሜዳውን ቆፍሮ አበላሸው፤ ነዋሪውና ነጋዴው በፍርድ ቤትም በሜዳም ሲጣሉ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1821 አንድ የአካባቢው ባለርስት ገዝቶ ለጨዋታው አዳነው፤ እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣው ሕግ መስኩ ለከተማው ሕዝብ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮም በአደራ ጠባቂ ድርጅት እጅ ይገኛል። ከዓለም ዙሪያ እንግዳ በገንዘቡ የሚጎርፍበት ይህ ሜዳ እሑድ እሑድ በመደበኛው ለጎልፍ ዝግ ነው። በዚያ ቀን ባልቴቱና ሕፃኑ፣ ውሻውን የሚያስከትለውም ሁሉ ይንሸራሸርበታል። ሜዳውን ታላቅ ያደረገው እንግዲህ የኳሱ ነገር ብቻ አይደለም። መስኩ የማን እንደሆነ በጽሑፍ መታወቁና ሊወሰድ ሲል ተከራካሪ ማግኘቱ ነው።

አሁን ወደ ዋግ እንመለስ። በዱላ ኳስ የመምታት ጨዋታ ለደጋው ሰው ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ ገና አለ። ልጆች በዓሉ ሳይደርስ አስቀድመው ጫፉ በተፈጥሮው ቆልመም ያለ ጠንካራ እንጨት ፍለጋ ይወጣሉ፤ ልጣጩን ልጠው፣ በእሳት ለብለብ አድርገው የእጃቸው መያዣ እስኪለሰልስ ይጠርቡታል። ሩሯ፣ አንዳንድ ቦታም ጥንግ የምትባለው ኳስ፣ ከእንጨት ተድቦልቡላ ወይም ከጠፍር ተገምዳ ትሠራለች። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ቅዳሴው ካለቀና ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ ወይም አንዱ አጥቢያ ከሌላው ይገጥማል። የተጫዋቹ ቁጥር እንደ መንደሩ ጉልበት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሩሯን ከመካከል ያስነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው የዱላ፣ የአቧራና የሆታ ነው። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በያዙት በትር ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ጨዋታው የእረኛ ክብር ነው። በዚያን ቀን ሎሌ ጌታውን ቢጎሽም፣ በግጥም ቢነካውም፣ ጌታው እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝዛል። በዓመት አንድ ቀን ድሀና ሀብታም በእኩል የሚሯሯጡበት ደንብ ያለው ጨዋታ እንደዋዛ የሚጣል አይደለም።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ለገና የውድድር ደንብ አውጥቶለት፣ ክልሎች በሚገናኙበት ዓመታዊ ውድድር ላይ እንዲካተት አድርጓል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ውድድሩ የሚካሄደው በከተማ ስታዲየም ሲሆን፣ ተጫዋቹ የሚፈልቅበት የገጠሩ ሜዳ እየጠበበ ነው። በአገሪቱ ደጋማ ክፍሎች የወል መስክ ምን እንደሚደርስበት የታወቀ ነው። ከፊሉ ታርሶ ይገባል፤ ከፊሉ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፤ ከፊሉ ለሥራ አጥ ወጣት ተብሎ ይሸነሸናል፤ ከከተማ አጠገብ ያለውም ቤት ይበቅልበታል። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ የሚያሳምን ነው። ሁሉም ሲደመር ግን ሩሯን የሚመታ ልጅ የጎረቤቱን አጥር ሳይነካ የሚሮጥበት ቦታ ያጣል። የገና ጨዋታ የሚሞተው ወጣቱ ኳስ ስለወደደ ነው የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው፤ ኳሱም ቢሆን የሚንከባለልበት ሜዳ ይፈልጋል።

«ዳቦ በቸገረበት አገር ስለ ጨዋታ ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ሰቆጣ ስሟ በሰፊው የሚነሣው በ2007 ዓ.ም. በታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ ይኸውም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት መንግሥት የገባው ቃል ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ጦርነት ሰቆጣና ወረዳዎቿ ክፉኛ ተጎድተዋል፤ ከአበርገሌና ከዝቋላ ቤቱን ጥሎ የወጣው ሕዝብ በድንኳን ከርሟል። እንዲህ ባለ አካባቢ መስክ ለጨዋታ ብቻ ይከለል ብሎ የሚሟገት ሰው ቢኖር የከብቱን ባለቤት አላነጋገረም ማለት ነው።

ነገር ግን የገና ሜዳ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የጨዋታው ወራት ራሱ ይህን ያሳያል። በነሐሴ የሻደይ በዓል ሲደርስ መስኩ ለምለም ነው፤ ለበዓሉ ስሙን የሰጠውን ለምለም ተክል ልጃገረዶች በወገባቸው አሥረው የሚወጡት በዚያን ጊዜ ነው። ከብት ሳይገባበት የቆየ ሣር በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል። ሣሩ በታጨደ በሳምንታት ውስጥ ገና ይደርሳል፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ለሩሯ የተመቸ ሜዳ ይገኛል ማለት ነው። የጎልፍ ሜዳ ጠባቂ በመኪና የሚያደርገውን እዚህ ማጭድ ያደርገዋል፤ ጠብታ ውሃም አይጠይቅም። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ መስኩ ለከብቱ ይከፈታል። አንዱ መስክ በዓመት አራት ጊዜ አገለገለ ማለት ነው፤ የበዓል አደባባይ፣ የድርቆሽ ማሳ፣ የጨዋታ ሜዳ፣ የግጦሽ መሬት። የታጨደው ሣር በበጋ ለአንዲት ላም ወተት ነው፤ ወተቱ ደግሞ ቃል ኪዳኑ ለሚናገርላቸው ሕፃናት ነው። ጎልፉ ይህን አያደርግም።

ለዚህ ዓይነቱ አያያዝ አብነት ለመፈለግ ስኮትላንድ ድረስ መሄድ አስፈላጊ አይደለም፤ በአማራ ክልል ውስጥ የመንዝ ጓሳ አለ። የመንዝ ሰው የጓሳውን መስክ ለመቶዎች ዓመታት የጠበቀው የቄሮ ሥርዓት በተባለ የራሱ ደንብ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በሌላ ትርጉም ከሚታወቀው ቃል ጋር መምታታት የለበትም። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ተመርጦ፣ መስኩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። የሚከፈተውም ጓሳው ለቤት ክዳን፣ ሣሩም ለከብት ሲደርስ በጉባኤ ተወስኖ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ አሮጌው የርስት ሥርዓት ስለፈረሰ በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ተናጋ፤ መስኩም ተጎዳ። በኋላ ግን ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው። ዛሬ ጓሳ በቀይ ቀበሮና በጭላዳ የሚታወቅ፣ ማኅበረሰቡ የራሱ የእንግዳ ማረፊያ ያለው የጥበቃ ሥፍራ ነው። እንግዳው የመጣው መስኩ ስለተጠበቀ ነው፤ መስኩ የተጠበቀው ግን ለእንግዳው ተብሎ አልነበረም። ይህ ቅደም ተከተል ለሰቆጣ ሰዎች ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ስለዚህም በዋግ ኽምራ ሊሠራ የሚገባው ከሁሉ በፊት የወረቀት ሥራ ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ርካሽ ነው። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ የወል ይዞታ የሚባለውን ያውቃል፤ የወል መሬት ተለክቶ ሊመዘገብ፣ ማረጋገጫም ሊሰጥበት ይችላል። እያንዳንዱ ደጋ ቀበሌ የገናና የሻደይ መስኩ የትኛው እንደሆነ ሽማግሌውን ጠይቆ፣ ድንበሩን በድንጋይ አመልክቶ በወል ስም ያስመዝግብ። ሽማግሌው ይጠየቅ የተባለው ለወግ አይደለም፤ ድንበሩ የት እንደነበረ የሚያውቅ ሌላ የለም። ሲመዘገብ ቀበሌው ገንዘብ በቸገረው ጊዜ መስኩን ለማንም አሳልፎ እንዳይሰጥ፣ ሕዝቡ በጉባኤ ሳይወስን እንዳይነካ በውስጠ ደንብ ይጻፍ። የቅዱስ እንድርያስ ነዋሪ ከጥንቸል ነጋዴ ጋር ዓመታት የተጣላው በራሱ ምክር ቤት ስሕተት መሆኑን አስታውሶ መጻፍ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሣሩ ነው። መስኩ ከሰኔ እስከ ኅዳር ለከብት ሲዘጋ የሚጎዳው ሌላ ግጦሽ የሌለው ድሀ ነው። ባለ ብዙ ከብቱ ከብቱን ወደ ዘመድ ቆላ ይነዳል፤ አንዲት ላም ወይም ሁለት ፍየል ያላት ባልቴት ወዴት ትነዳለች? ስለዚህ የታጨደው ሣር ክፍፍል በከብት ቁጥር ከሆነ ጥቅሙ ሁሉ ለባለ ብዙው ነው፤ በአባወራና በእማወራ ቁጥር መሆን አለበት። የከብት ጉልበት የሌላት ድርሻዋን ሸጣ ጤፍ ትግዛበት። ይህ ካልተደረገ መስኩ በሌሊት ይጋጣል፤ ጠባቂ ቢቀጠርም አያድነውም። በጓሳም ሆነ በሌላው ቦታ ደንብ የጸናው ተጠቃሚው ሲበዛ ነው።

የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ድርቅ የሚችሉ የመኖ ሣሮችን ለዚህ ዓይነቱ መስክ ቢመርጥ ሥራው ከሣር ቤቱ አልፎ በሜዳ ይፈተናል፤ በየወረዳው ያሉት የግብርና ባለሙያዎችም በተፋሰስ ሥራ ላይ ያገኙትን ልምድ ወደዚህ ማምጣት ይችላሉ። የደጋው ወጣት ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ እርከን ለመሥራት በነቂስ ይወጣል። በገና ሜዳ ለሰፈሩ የሮጠ ቡድን በእርከኑም አብሮ ቢሰለፍ፣ አለቃውም ያው ራሱ ቢሆን፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ቅስቀሳ ግማሹ ተሠርቷል። መስኩን ከላይ የሚያጥበው ጎርፍ የሚቆመው በዚያው እርከን ነው። በተከለለው ዳገት ላይ አበባ ሲመለስ ደግሞ የዋግ ማር ይመጣል፤ ስለ ዋግ ማር ብዙ ማውራት አያስፈልግም፣ የቀመሰ ያውቀዋል።

ጨዋታውም ቢሆን እንዳለ ይቀመጥ ማለት አይቻልም። ገና የሚያቆስል ጨዋታ ነው፤ ቅልጥም የተሰበረበት፣ ዓይኑ የተጎዳ ሰው በየአጥቢያው አይጠፋም። ዱላ ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ መከልከልና አስተዋይ ዳኛ ማቆም ጨዋታውን አያቀዘቅዘውም። ሴቶች ልጆችስ? ሻደይ የእነርሱ ነው፣ ገና የወንዶች ነው የሚለው ክፍፍል የቆየ ነው፤ ግን በሩጫ የኢትዮጵያን ስም ያስጠሩት ሴቶች ከዚሁ ከደጋው ሜዳ የወጡ ሆነው ሳለ፣ ትምህርት ቤቶች ለልጃገረዶች የገና ቡድን ቢያቋቁሙ የሚቆጣ ሽማግሌ ይኖራል ብሎ መፍራት ብዙም አያስኬድም። ቢቆጣም በዓሉ የገና ነው፤ በልማዱ መሠረት መቆጣት አይፈቀድለትም።

እንግዳው ይምጣ። ላሊበላ ለገና የደረሰ ሰው በማግሥቱ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ተሳልሞ፣ ከሰዓት በኋላ የሁለት አጥቢያ የገና ግጥሚያ ቢያይ፣ ማታ በአርሶ አደር ቤት እንጀራና ማር ቢቀርብለት፣ ለዚህ 50 ሄክታር መሬትም የውሃ ጉድጓድም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መንገዱ ደህና መሆኑ፣ ሰላሙ መጽናቱና ንጹሕ ማደሪያ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ለእንግዳው ብቻ ሳይሆን ለባለአገሩም የሚያስፈልጉ ናቸው። ክፍያው ለማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው ከወዲሁ ሳይወሰን ግን እንግዳ መጥራት ጠብ መጥራት ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቀበሌዎች ቢሞክሩት ይበቃል። መስኩ ከሰኔ በፊት ካልተዘጋ ሣሩ አያድግም፤ ስለዚህ ምዝገባውም ሆነ የክፍፍሉ ደንብ ማለቅ ያለበት ከብቱ ከአውድማ ገለባ ላይ ሳይነሣ፣ በሚያዝያ የቀበሌ ጉባኤ ላይ ነው።